አንድ መስመር በቀን

ከቀብር መልስ ነው። ወጥ ቤቷ ሞልቷል፤
ስልሳ ሦስት ዘመድ ጫማውን አውልቋል።
አክስቴ ካትሪና ቁም ሣጥኑን ከፍታ
ሳህን ትቆጥራለች፣ ለማልቀስ ፈርታ።
ከመስኮቱ ወዲያ የሳስካችዋን ሜዳ፣
ምንም እንዳልሆነ፣ ገለባ ሲነዳ።

ለእኔ የደረሰኝ አንድ ካርቶን ደብተር፣
ማንም ያልፈለገው፣ ካልጋዋ ሥር የነበር።
ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በእርሳስ፣ በጥቂቱ፣
አንድ መስመር በቀን፤ ያ ነው ሥርዓቱ።
የአጋኔታ እጅ ቃል አያባክንም፤
ነፋሱን ትጽፋለች፣ ልቧን አትጽፍም።

የመጀመሪያው ገጽ፦
«ዛሬ አገባሁ። ዝናብ የለም።»

ከዚያ ክረምቱ፦
«ከሰሜን ነፋስ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
እንቁላል አራት። ላሟ ወለደች፤ ወንድ።»

ከዚያ የድርቁ ዓመታት፦
«አቧራ። በቀትር ፋኖስ አበራን።»
በቃ። የቀረውን ከአፏ ነው የሰማሁት፤
እርጥብ አንሶላ በየመስኮቱ እንደሰቀሉት፣
ሳህን ገበታው ላይ በአፉ እንደሚደፋ፣
አፈር ከሾርባው ጋር እንዳይገባ ካፋ፣
ባንክ የላከው ሰው ሊወርስ ሲመጣ
የዱባ ኬኳን በልቶ፣ አፍሮ እንደወጣ።

አንድ የካቲት አለ።
«ሊዝቤት አረፈች። ነፋሱ ጸጥ ብሏል።
እንቁላል የለም።»
እዚህ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ወግቷል።
መሬቱ ብረት ነው፣ አካፋ አይቀበልም፤
ኢስብራንድ ዶማ ሰብሮ ገባ፤ አልተናገረም።
ትንሿን ሣጥን ጎተራ አስገቧት፣
ለዘር ከተለየው ስንዴ አጠገብ አኖሯት።
ሚያዝያ ላይ ወንዞች ድንገት ፈሰሱ፤
በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም አፈር ለበሱ።
ደብተሩ «ዘራን» ይላል።
ምን እንደዘሩ አይልም።

ሰባኪው ዛሬ «የዋህ ነበረች» ሲል
አጎቴ ያሽ ሳለ፣ ሳቁን ሊከልል።
በአንዲት የስፌት መኪና ከእህቷ ተጣልታ
አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች ነፍጋ ሰላምታ።
ስልኩ የሠፈር ሁሉ በነበረ ጊዜ
ትንፋሿን ውጣ ትሰማ ነበር የሰው ትካዜ፤
በማግስቱ ማለዳ፣ ድስቷን ይዛ ከተፍ።
«ማን ነገረሽ?» ሲሏት፣
«ነፋስ ነው፤ ሲያልፍ።»

በሰማንያ ዓመቷ፣ ፀሐይ ስትገባ፣
ስንዴ የጫነ መኪና ትነዳለች፣ ሁለት ትራስ ደርባ።
«ይሄ ሜዳ የት ያልቃል?» አልኳት፣ ከጎኗ፣ በሰባት ዓመቴ።
ማርሽ ቀየረች።
«እንጃ፤ አርሼ አልጨረስኩትም» አለችኝ አያቴ።

«ኢስብራንድ ሌሊት አረፈ። ውርጭ ነው። ጎመኑን ሸፈንኩት።»
ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።
ከዚያ ወዲህ ባሉት ገጾች «ዘራን» የለም፤
«ዘሩ» ነው፣ «አጨዱ» ነው፤ ራሷን አትቆጥርም።
ፊደሏ ያረጃል። መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል።
የመጨረሻው ገጽ «ነፋስ» ብሎ ይቆማል፤
ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ሳይጽፍ።

ያሽ በካልሲው መጣ፣ ኬክ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣
ሰባ ሁለት ዓመቱን በዱቄቱ በርሜል ላይ ጥሎ።
«የእኔን ፈልግልኝ፤ የተወለድኩበትን ቀን» አለ።
በአቧራው ዘመን ነው፤ ገጹ አሁንም አሸዋ አለው።
ጣቴን አስኬድኩ፤ አገኘሁት፤ አነበብኩለት፦

«ያሽ ተወለደ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ብዙ።»

መነጽሩን አወለቀ። ሹካውን አስቀመጠ።
ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳህን ደረደረ።
«ዘንቦ ነበር?» አለ።
«ማንም አልነገረኝም።»